ጓሳን የሚዘጋው ማን ነው?

በመንዝ ሐምሌ 5 ቀን የጴጥሮስ ወጳውሎስ በዓል ብቻ አልነበረም። የሐዋርያት ጾም የሚፈታበት፣ ክረምቱም ጠንክሮ የሚገባበት ያ ቀን፣ ከጓሳ ሜዳ ላይ ሰውም ከብትም ጠቅልሎ የሚወርድበት የመጨረሻው ቀን ነበር። ከዚያ በኋላ ሜዳው ይዘጋል። አጥር የለውም፣ በር የለውም፣ ቁልፍ የለውም፤ ግን ይዘጋል። ማጭድ ይዞ የተገኘ ይቀጣል፣ በሬውን የለቀቀ ይቀጣል። የሚከፈትበት ጊዜ ደግሞ የሚቀጥለው ዓመት ላይሆን ይችላል። ሣሩ ካልደረሰ ሦስት፣ አራት፣ ሲብስም አምስት ዓመት እንደተዘጋ ይቆያል።

ይህ ሥርዓት ቀሮ ይባላል። (ስሙን ሲሰማ የቅርቡን ዘመን ፖለቲካ የሚያስታውስ አይጠፋም፤ ጉዳዩ ግን ከዚያ ጋር አይገናኝም።) አጥኚዎች አጀማመሩን ወደ 17ኛው ክፍለ ዘመን ይወስዱታል። ነጋሲ ክርስቶስ ከዚሁ ከመንዝ ተነስቶ የሸዋን ገዢዎች የዘር መስመር ከመሠረተበት ዘመን ጋር የሚቀራረብ ማለት ነው። ነገሥታት መጥተው ሄደዋል፣ ዋና ከተማ ከአንኮበር ወደ እንጦጦ፣ ከእንጦጦ ወደ አዲስ አበባ ተዛውሯል። የጓሳ ሣር ግን በዚሁ ሁሉ ጊዜ በተራ ገበሬዎች ውሳኔ ሲዘጋና ሲከፈት ኖሯል።

ጓሳ የሚገኘው በሰሜን ሸዋ፣ በመንዝ ጌራ ምድር ወረዳ ነው። ከአዲስ አበባ በደብረ ብርሃን አልፎ፣ ጣርማ በር ላይ ታጥፎ ወደ መሐል ሜዳ የሚጓዝ ሰው ሰንጥቆት ያልፋል። ስፋቱ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከፍታው ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,200 ሜትር ጀምሮ እስከ 3,700 ሜትር ይደርሳል። በምሥራቅ በኩል ገደሉ ወደ ቆላው ቁልቁል ይወርዳል። ከሜዳው የሚፈልቀው ውኃ አንዱ ወደ ዓባይ፣ ሌላው ወደ አዋሽ ይሄዳል።

ደን ሲባል ጥድና ዝግባ ብቻ የሚታየው ሰው ጓሳን ባዶ ሜዳ ሊለው ይችላል። የመንዝ ሰው ግን እንዲህ አይልም። በዚያ ብርድ ላይ ትልልቅ ዛፍ አይበቅልም፤ ስለዚህ ዛፍ በሌላው አገር የሚሰጠውን ሁሉ እዚህ የሚሰጡት ሣርና ቁጥቋጦ ናቸው። ለቦታው ስሙን የሰጠው የጓሳ ሣር ቤት ይከደንበታል፣ ገመድ ይገመድበታል፣ ተጎዝጉዞ ይተኛበታል። እረኛው ዝናብና ውርጭን የሚከላከልበት ጌሳ የሚሠራውም ከዚሁ ሣር ነው። ባና ከበግ ጠጉር፣ ጌሳ ከጓሳ ሣር፤ የመንዝ ሰው ብርዱን የተቋቋመው በእነዚህ በሁለቱ ነው ቢባል ብዙም ማጋነን አይሆንም። ቢጫ አበባ ያለው ጨረንፌ የሚባለው ቁጥቋጦና አስታ ለማገዶ ይሆናሉ። ጦስኙ ለሻይና ለወጥ ማጣፈጫ ይለቀማል፤ ከአካባቢው አልፎ ገበያ ላይም ይወጣል።

ማገዶውን ቀላል ነገር አድርጎ ማየት አይገባም። ደጋ ላይ እንጨት ከጠፋ የሚነደው ኩበት ነው። ኩበት ከነደደ ደግሞ ማሳው ፍግ አያገኝም፤ ማሳው ፍግ ካጣ ገብሱ ይቀጭጫል። እንግዲህ አንድ እናት ከጓሳ ተሸክማ የምታመጣው የጨረንፌ ሸክም ምድጃዋን ብቻ ሳይሆን የሚቀጥለውን ዓመት እህሏንም የሚመለከት ነገር ነበር። በድርቅ ዓመት ደግሞ ሌላው ግጦሽ ሲያልቅ የከብቱ ነፍስ የሚተርፈው ተዘግቶ በቆየው በዚህ ሜዳ ላይ ነው። በዛሬው አነጋገር ጓሳ የመንዝ የቁጠባ ሒሳብ ነበር፤ ያውም እንዳሻው ወጪ የማይደረግበት።

ሣሩ በዚህ ከፍታ ቶሎ አያድግም። ሌሊቱ ውርጭ ነው፣ አፈሩ ቀዝቃዛ ነው፤ ቤት ለመክደን የሚሆን ርዝመትና ጥንካሬ እስኪያገኝ ዓመታት ይፈጅበታል። ሳይደርስ የታጨደ ሣር ለክዳን አይበጅም፣ ጉቶውም ይዳከማል። ስለዚህ መዝጋቱ የእምነት ወይም የልማድ ነገር ብቻ አልነበረም። የተክሉን ጠባይ አይቶ የተወሰነ የሥራ ውሳኔ ነው። የመዘጊያው ዓመት ቁጥር በሕግ ተቆርጦ ያልተቀመጠውም ለዚህ ይመስላል፤ የሚለካው በሣሩ ዕድገትና በሰዉ ችግር ነበር።

ወሳኙ ማን ነበር? ጓሳ በአፈ ታሪክ ከሁለት አቅኚ አባቶች፣ ከአስቦና ከጌራ ጋር ይያያዛል። ከሁለቱ በአባትም ሆነ በእናት መወለዱን መቁጠር የሚችል ሰው ባለ መብት ነው። ሁለቱ ወገኖች እያንዳንዳቸው በተጠቃሚው ስምምነት የሚመረጥ አለቃ ነበራቸው፤ አባ ቀራ ይሉታል። ከእሱ በታች ሕዝቡ የተደራጀው በየአጥቢያው ነው። በጋው ሲበረታ፣ በየካቲትና በመጋቢት ገደማ፣ ሣሩ ደርሷል የተባለ እንደሆነ አባ ቀራው የሚከፈትበትን ቀን ያስነግራል። በመጀመሪያ አጫጅ ይገባል። አጨዳው ሲያልቅ ከብት ይገባል። ሐምሌ 5 ሲደርስ ሁሉም ይወጣል።

ጥበቃው ደሞዝ አልነበረውም። አቅም ያለው ወንድ ሁሉ በየተራው ሜዳውን የመዞር ግዴታ ነበረበት። ተራውን ያጎደለ እንደ ሌባው ይቆጠራል። ቅጣቱም ለዛሬ ጆሮ የሚከብድ ነው። በእርጥብ ጠፍር ይገረፋል፤ በተዘጋ ጊዜ ባጨደው ሣር ቤቱን የከደነ ሰው ቤቱ እስከ መቃጠል ይደርስበታል። ይህን የዛሬ የተፈጥሮ ጥበቃ ወዳጆች ሲያወሩ ብዙ ጊዜ ይዘሉታል። መዝለል ግን ተገቢ አይደለም። ቀሮ የሠራው ሽማግሌ ስለተከበረ ብቻ አይደለም፤ ስለተፈራም ነው።

እ.ኤ.አ. በ1968 ጋሬት ሃርዲን የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ሕይወት ምሁር በ“ሳይንስ” መጽሔት ላይ ዓለምን ያነጋገረ ጽሑፍ አወጣ። ፍሬ ነገሩ አጭር ነው፤ ለሁሉም ክፍት የሆነ ግጦሽ ላይ እያንዳንዱ አንድ ተጨማሪ ከብት መልቀቁ ለራሱ ያዋጣዋል፣ ሁሉም እንዲሁ ሲያደርግ ግን ግጦሹ ያልቃል። መፍትሔው ወይ ለግል መስጠት ወይ በመንግሥት እጅ ማድረግ ነው ተባለ። ይህ ሐሳብ ለብዙ አገር መንግሥት ተመቸው። ኤሊኖር ኦስትሮም የተባለችው ምሁር ግን እ.ኤ.አ. በ1990 ባሳተመችው መጽሐፏ ሦስተኛ መንገድ እንዳለ አሳየች፤ በ2009ም በኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት ያገኘች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች። ማስረጃ ካደረገቻቸው መካከል የተራራ መንደሮች ይገኙበታል። ቶርቤል የተባለ የስዊዘርላንድ መንደር እ.ኤ.አ. በ1517 ማንም ሰው በክረምት ቀልቦ ሊያቆይ ከሚችለው ላም በላይ ወደ ጋራው ተራራ እንዳይሰድ ደንግጓል። በጃፓን ተራራማ መንደሮች ደግሞ የክዳን ሣርና የማገዶ እንጨት የሚወሰድበት ቀን በአዋጅ ይከፈት ነበር። ጠባቂዎች በፈረስ ይዞራሉ፣ የተያዘ ሰው ገንዘብና ሳኬ የተባለውን መጠጥ ይከፍላል።

መንዝና ጃፓን ተማክረው አያውቁም። ሁለቱም ቦታ ተራራ፣ ብርድ፣ ቀስ ብሎ የሚያድግ ሣርና ሣር የሚከደን ቤት ነበር። የመንዙ ቅጣት በጠጅ ባለመሆኑ ግን አጥፊው ሳይቆጨው አልቀረም።

ሃርዲን ራሱ ከብዙ ዓመት በኋላ፣ የተናገረው ስለ ጋራ ሀብት ሳይሆን ሥርዓት ስለሌለው የጋራ ሀብት መሆኑን ገልጾ መጻፍ እንደነበረበት አምኗል። ልዩነቱ ትልቅ ነው። ጓሳ የጋራ ነበር፤ የሁሉም ግን አልነበረም።

የታሪኩ መራራ ክፍል የሚጀምረውም እዚህ ላይ ነው። የአስቦ ወይም የጌራ ዘር መሆኑን መቁጠር ያልቻለ ሰው በጓሳ ላይ መብት አልነበረውም። በርስት አገር ደግሞ ዘር መቁጠር የማይችል ወይም ቢቆጥርም የማይሰማ ብዙ ነበር። ማረሻውን የሚሠራው ቀጥቃጭ፣ ምጣዱን የምትሠራው ሸክላ ሠሪ፣ ከሌላ አገር መጥቶ የተጠጋ ገበሬ በዚህ ውስጥ ይቆጠራሉ። ሜዳው እነሱንም ከብርድ ያድን ነበር፤ ውሳኔው ላይ ግን ቦታ አልነበራቸውም። ማገዶ ተሸካሚዋ ሴትም በአባ ቀራ ምርጫ ላይ ድምፅዋ የሚሰማበት ወንበር አልነበራትም። ዘመናትን የተሻገረው ጥበቃ የቆመው እነዚህን ሰዎች በውጭ አቁሞ ነው።

“መሬት ላራሹ” የሚለው መፈክር በየካቲት 1957 ዓ.ም የአዲስ አበባን ጎዳና ሲሞላ ተማሪዎቹ ያሰቡት በዋናነት የደቡቡን ጭሰኛ ነበር። አሥር ዓመት ቆይቶ፣ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም ደርግ የገጠር መሬትን የሕዝብ ሀብት ያደረገውን አዋጅ ሲያወጣ፣ አዋጁ ጭሰኛውንም የሰሜኑን ባለ ርስትም በአንድ ላይ ነካ። ገበሬው በቢያንስ 20 ጋሻ ወይም 800 ሄክታር መሬት ላይ በገበሬ ማኅበር እንዲደራጅ ተደረገ። ዘር ቆጥሮ መሬት መጠየቅ ቀረ።

በፍትሕ ሚዛን ሲታይ ይህ አዋጅ ብዙ ሊመሰገን የሚገባው ነው። የትናንቱ ቀጥቃጭ እንደ ጎረቤቱ እኩል መሬት የማግኘት መብት ያገኘው በዚህ ወረቀት ነው። በጓሳ ሚዛን ሲታይ ግን ሌላ ነው። የአባ ቀራ ሥልጣን ከርስት ጋር የተሰፋ ስለነበር ርስት ሲቀደድ አብሮ ተቀደደ። አዋጁን ያረቀቁት ሰዎች በመንዝ ጫፍ ላይ ሣር የሚዘጋ አለቃ መኖሩን አስበውት ነበር ብሎ ለመገመት ያስቸግራል። የእነሱ ዓይን የነበረው በሚታረስ መሬት ላይ ነው። የማይታረሰው ሜዳ እንዲያው በደፈናው የሕዝብ ተባለ። የሕዝብ ሲባል ደግሞ በጓሳ ላይ የሆነው፣ የመከልከል መብትና ድፍረት ያለው ሰው መጥፋቱ ነው።

ከዚያ ወዲህ ሣሩ ሳይደርስ መታጨድ ጀመረ። ከብቱ ወቅት ሳይጠብቅ ገባ። ትናንት የተከለከለው ሰው ዛሬ ሲፈቀድለት ቸኩሎ ገባ፤ የቀድሞ ባለ መብትም “እኔ ብተው ሌላው ያጭደዋል” ብሎ ቀደመ። በሁለቱም ላይ መፍረድ ከባድ ነው። አንደኛው ለዘመናት የተነፈገውን ሲያነሳ፣ ሌላው ለዘመናት የጠበቀው ሲወሰድ እያየ ነበር። ሃርዲን የገለጸው ሁኔታ በመንዝ የተፈጠረው እንግዲህ ያን ጊዜ ነው፤ ምክንያቱም የጋራ መሆኑ ሳይሆን ጠባቂው መሻሩ ነበር።

የሚያስገርመው ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ሜዳው ሲራቆት ያዩት የአካባቢው ሰዎች የመንግሥትን መፍትሔ ቁጭ ብለው አልጠበቁም። የፈረሰውን ቀሮ እንዳለ መመለስም አልቻሉም፤ ዘር ቆጠራን መመለስ በአዋጅም በጎረቤትም ዘንድ የማይሆን ነገር ነበር። ስለዚህ የአስተዳደሩን አዲስ ቅርጽ ተጠቅመው አሮጌውን ሥራ ቀጠሉ። ጓሳን ከሚያዋስኑት የገበሬ ማኅበራት ተወካዮች የተውጣጡበት የጓሳ ኮሚቴ ተቋቋመ። መብቱ በደም መሆኑ ቀርቶ በነዋሪነት ሆነ። መተዳደሪያ ደንብ ተጻፈ፣ ጠፍሩና ቤት ማቃጠሉ ቀረ።

ይህ በጽሑፍ ሲቀመጥ የቀለለ ይመስላል። በተግባር ግን የትናንት ባለ ርስትና የትናንት ተከልካይ አንድ ወንበር ላይ ተቀምጠው “ለሚቀጥሉት ዓመታት ሁለታችንም አናጭድም” ብለው መስማማት ነበረባቸው። ባለ ርስቱ የብቻ መብቱን ተወ፤ አዲሱ ባለ መብት ደግሞ ገና ያገኘውን ነገር ወዲያው መቆጠብ ነበረበት። የበለጠ የከፈለው ሁለተኛው ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም።

የቀሮን ታሪክ ከሽማግሌ አፍ ወደ ወረቀት በስፋት ካሰፈሩት አንዱ ዶ/ር ዘላለም ተፈራ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2001 ያጠናቀቁት የዶክትሬት ጥናት መነሻው ቀይ ቀበሮ ነበር፤ በዓለም ላይ በኢትዮጵያ ብቻ የሚገኘውና ቁጥሩ እጅግ የተመናመነው እንስሳ በጓሳ ለምን ተረፈ የሚል። መልሱ ወደ ሣሩ፣ ከሣሩም ወደ አባ ቀራ ወሰዳቸው። ቀበሮው የሚኖረው አይጥ በልቶ ነው፤ አይጡ የሚኖረው ሣሩ ውስጥ ነው፤ ሣሩ የቆመው ስለተዘጋ ነው። የመንዝ ገበሬ ጓሳን የዘጋው ለጣሪያው ነበር፤ ቀበሮው በዚያው ተጠለለበት። በ2004 ዓ.ም የአማራ ክልል መንግሥት ጓሳን የማኅበረሰብ ጥበቃ ቦታ ብሎ በደንብ አወቀው። ከፓርክ የሚለየው ባለቤቱም ጠባቂውም ነዋሪው መሆኑ ነው።

ይህ ልዩነት ምን ያህል ክብደት እንዳለው ለማየት ወደ ሰሜን ተራሮች መመልከት ይበቃል። ሰሜን እ.ኤ.አ. በ1969 ብሔራዊ ፓርክ ሆነ፣ በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ፣ በ1996 ደግሞ አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ገባ። ከዚያ መዝገብ የወጣው በ2017 ነው። ለዚያ ከተከፈሉት ዋጋዎች አንዱ የግጭ መንደር ነው፤ ከ400 በላይ አባወራዎች ከፓርኩ ውስጥ ተነስተው ወደ ደባርቅ ከተማ ተዛወሩ። ሁለቱ ቦታዎች በብዙ ነገር ይለያያሉና አንዱን በሌላው መለካት አያስኬድም። ነገር ግን በአንደኛው ቦታ ተራራውን ለማዳን ሰው ወጣ፣ በሌላው ተራራው የዳነው ሰው በነበረበት ነው።

አሁን ግን በጓሳ ላይ ከአዋጅም ከጦርም ያልመጣ ነገር ደርሷል፤ ቆርቆሮ። ቀሮ የቆመው የክዳን ሣር አስፈላጊ በመሆኑ ነበር። ዛሬ በደጋው ሁሉ እንደሚታየው ጣሪያው ቆርቆሮ እየሆነ ነው፣ ገመዱ ናይለን፣ የእረኛውም ዝናብ መከላከያ ላስቲክ። አያቱ በሌሊት ብርድ ጓሳን ሲዞር የራሱን ጣሪያ እየጠበቀ ነበር። የልጅ ልጁ የሚጠብቀው ምኑን ነው?

ለዚህ ጥያቄ የተሰጠው መልስ ጎብኚ የሚል ነበር። ማኅበረሰቡ የእንግዳ ማረፊያ አለው፤ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ለማየት የሚመጣ ሰው የሚከፍለው ገንዘብ የሣሩን ቦታ ይተካል ተብሎ ታሰበ። መጥፎ ሐሳብ አልነበረም። ተመራማሪዎችም ለዓመታት እየተመላለሱ ጭላዳውን አጥንተዋል፤ ቀበሮው በጭላዳ መንጋ መካከል ሆኖ አይጥ ሲያድን ብቻውን ከሚያድንበት ጊዜ የበለጠ እንደሚሳካለት የታወቀው እዚሁ ጓሳ ላይ ነው። ግን ጎብኚ ሰላም ይፈልጋል። መጀመሪያ ኮሮና፣ ቀጥሎ የሰሜኑ ጦርነት፣ ከ2015 ዓ.ም ክረምት ወዲህ ደግሞ በራሱ በአማራ ክልል ውስጥ ያለው ግጭት መንገደኛውን አራቀው። የክዳን ሣር ገበያው ቢጠፋ እንኳ ሣሩ ቦታው ላይ ይቆያል፤ የጎብኚ ገበያ ሲጠፋ ግን የሚቀር ነገር የለም።

የቀሩት ምክንያቶች ማገዶው፣ ጦስኙ፣ ውኃውና የድርቅ ዓመት ግጦሹ ናቸው። ከእነዚህ ውስጥ አብዛኛውን የሚሠሩበት ሴቶችና ወጣቶች ናቸው። ማገዶውን የሚሸከሙት ሴቶች ናቸው፤ የእርሻ መሬት ሳይደርሰው የቀረው ወጣት ደግሞ ከጋራው ሜዳ ሌላ የሚያየው ነገር የለውም። ለዚህ ወጣት የሜዳው ዳር ሊታረስ የሚችል መሬት ነው፤ ገብስ በዚያ ከፍታ በውርጭ እንደሚመታ ቢያውቅም። በ1967 ዓ.ም ከውጭ የቆመው ቀጥቃጩ ነበር፣ አሁን ያለው እሱ ነው። ከኮሚቴው ወንበር ለእሱ ስንት ይሰጠዋል የሚለው ነገር፣ ዘንድሮም ሐምሌ 5 ላይ ማን ከሜዳው ወጥቶ ማን እንደሚቀር ይወስናል።